የድንጋዩን መንገድ ተከትሎ፦ አራዳ ላይ የሞዛይክ ማዕከል ለሚያደራጁ

የአገር ጥበብ ለማደስ ተብሎ የሞዛይክ፣ ማለትም ጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር እየደረደሩ ሥዕልና ጌጥ የመሥራት ጥበብ፣ ማዕከል ሲታሰብ ወረቀት ላይ ቀድሞ የሚሣለው አዳራሹ ነው፤ ሰፊ መስታወት፣ ነጭ ግድግዳ፣ ጥግ ላይ ቡና። የተረፈው ጓዳ ለሥራ ይሰጣል። ሁለት ወር ሳይሞላ ዱቄቱ አዳራሹን ያለብሰዋል፣ የሲሚንቶ ዝቃጭ ቱቦውን ይዘጋል፣ ድንጋዩም ቦታ አጥቶ በረንዳ ላይ ይከመራል። ስለዚህ ንድፉን ከድንጋዩ መንገድ ጀምሩ። ከመኪና ወርዶ ግድግዳ ላይ እስኪወጣ የት የት ያርፋል? ማን ይሸከመዋል? የታጠበበት ውኃ ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ከተመለሱ አዳራሹ የራሱን ቦታ ያገኛል።

ከዚያ በፊት ግን «የምናድሰው የትኛውን ጥበብ ነው?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያስፈልጋል። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ በአብዛኛው ያጌጠው በሥዕል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሸራ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሥዕል። ሞዛይክ ወደ አዲስ አበባ በስፋት የገባው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥ ከሥዕሎቹ ጋር የአፈወርቅ ተክሌን የሞዛይክ ሥራ ታያላችሁ። በ1950ዎቹ ከተሠሩት የመሃል ከተማ ሕንፃዎችም ፊታቸው፣ ዓምዳቸው ወይም የደረጃቸው ግድግዳ በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር የተሸፈነ አለ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ 150 ካሬ ሜትር ሥራ ብዙ ጊዜ ሞዛይክ ይባላል፤ እሱ ግን ብርሃን ከጀርባው የሚያልፍበት ባለቀለም መስታወት ነው። ሞዛይክ ብርሃንን ከፊቱ ተቀብሎ የሚመልስ ሥራ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመስኮታችሁን አቀማመጥ፣ የመብራታችሁን አንግል፣ የጠጠሩን አደራደር ሁሉ ይወስናል።

ሥራው ከውጭ ቢመጣም ለሥራው የሚሆነው እጅ እዚሁ አለ። መሶብ የምትሰፋ ሴት አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ሰዓት እዩ። ስንደዶው መሃል ላይ ይጠቀለላል፤ አክርማው በወስፌ እየተወጋ ይዞርበታል፤ ቀለም ሲፈለግ አለላው ይገባል። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ተደግፎ ይሄዳል፤ አንዱ ዙር ከጠበበ የሚቀጥለው ይንሻፈፋል። የሞዛይክም ትልቁ ምሥጢር ይኸው የረድፍ አካሄድ ነው። ክብ ስትሠሩ እኩል መጠን ባለው ጠጠር እያንዳንዱ አዲስ ዙር ካለፈው ዙር ስድስት ያህል ጠጠር ይጨምራል፤ ክቡ ቢያንስም ቢተልቅም ያው ስድስት ነው። ተማሪው አሥር ከጨመረ ጠጠሩን አሳንሷል፤ ሦስት ከጨመረ ክፍተቱን አስፍቷል። ወደ መሃል ያሉት ሦስት አራት ዙሮች በካሬ ጠጠር አይሞሉም፤ ጠጠሩ ወደ ውስጥ ጠበብ ብሎ መቆረጥ አለበት። የመጀመሪያውን ወር ትምህርት በመሶብ ክብ ብትጀምሩት፣ ከዚያ ወደ ጥለትና ወደ ብራና ሐረግ (በብራና መጻሕፍት ላይ ወደሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ) ብትሻገሩ፣ ተማሪው የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል። የሐረግ መጠላለፍ ከባዱ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው መስመር የሚተላለፉበትን ነጥብ ከመቁረጥ በፊት በእርሳስ ቁጥር ስጡት።

ቤቱን መምረጥ

ድንጋይ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 2.6 እስከ 2.7 ቶን ይመዝናል። ተቆርጦ ሳጥን ውስጥ ሲገባ መሃሉ ባዶ ስላለው 1.5 ቶን ገደማ ይሆናል። 40 በ30 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ሲሞላ 45 ኪሎ ነው፤ ስልሳ ሳጥን የሚይዝ መደርደሪያ ደግሞ 2.7 ቶን። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ከተረፉት ያረጁ ቤቶች የብዙዎቹ ፎቅ የእንጨት ወለል ነው። ውበታቸው ያማልላል፤ ድንጋይ ግን ፎቅ ላይ አይወጣም። ምድር ቤቱ ለሥራ፣ ፎቁ ለቢሮና ለቀላል ኤግዚቢሽን ይሁን። ሳጥኑንም ከዚህ መጠን አታስበልጡት፤ ትልቅ ሳጥን የሰው ወገብ ይሰብራል።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ስንጥቁን አንብቡ። የመሃል ከተማው አፈር በብዙ ቦታ ቀይ ነው፤ ጥቁር ዋልካ ያለበት ቦታ ከገጠማችሁ ግን ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ወለሉንም ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ባለ ወለል ላይ ሞዛይክ በቀጥታ አይነጠፍም። ከመፈረማችሁ በፊት በስንጥቁ ላይ ስስ የጄሶ ድልድይ ለጥፋችሁ አንድ ወቅት ጠብቁ፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ መሬቱ እየሠራ ነው።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገንም ሆነ ከቦታው ለማንሳት ፈቃድ ይጠይቃል። ኪራዩም ቢያንስ የአምስት ዓመት ውል ይኑረው። የአንድ ዓመት ውል ላይ የውኃ ማጥለያ ገንዳ የሚቆፍር ሰው ገንዘቡን መሬት ውስጥ እየቀበረ ነው።

ለአሥራ ሁለት ተማሪ 155 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል። ለማውረጃና ለድንጋይ መጋዘን 20፣ ለመቁረጫ 15፣ ለኖራና ለሲሚንቶ ማቡኪያ 15፣ ለጠጠር መደርደሪያ ጠረጴዛዎች 40፣ ለማድረቂያ 15፣ ለማሳያ 30፣ ለመታጠቢያና ለመጸዳጃ 10፣ ለቢሮ 10። ቅደም ተከተላቸው ከካሬው ይበልጣል። መጋዘኑ በር አጠገብ፣ መቁረጫው ከመጋዘኑ ቀጥሎና በግድግዳ የተለየ፣ ጠረጴዛዎቹ መሃል፣ ማቡኪያው ከማድረቂያው ጋር። ጎብኚው በሌላ በር ገብቶ ጠረጴዛዎቹን በመስታወት ማየት አለበት። የሚሠራ እጅ የማይታይበት ማዕከል ሱቅ ሆኖ ይቀራል።

ብርሃኑ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከሩቅ አገር መጻሕፍት የተወሰደው «ፀሐይ በቀጥታ ስለማይገባ ለሥዕል ክፍል የሰሜን መስኮት» የሚለው ምክር አዲስ አበባ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስላለች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትውለው። ደግነቱ ከፍ ብላ ስለምትቆም ሁለት ሜትር ከፍታ ላለው የሰሜን መስኮት 60 ሴንቲ ሜትር ክፍክፍ የቀትሩን ፀሐይ ይከለክላል። ለደቡብ መስኮት ግን በታኅሣሥ 1.30 ሜትር ክፍክፍ ያስፈልጋል። የምዕራብ መስኮት በምንም አትቀበሉ፤ ከሰዓት በኋላ የብርሃኑ ቀለም ይለወጣል፣ ነጩና ክሬሙ ድንጋይ አይለይም።

ውኃ፣ ዱቄትና መብራት

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 3,000 ሊትር ሮቶ አስቀምጡ። መቁረጥ ሁሉ በውኃ ይሁን፤ ደረቅ ግራይንደር ቤት ውስጥ አይነሳ። ግራናይትና የአምቦ ድንጋይ ሲቆረጡ የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ሲሊካ አለው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀርና የማይድን ጠባሳ የሚተው ነው። እብነ በረድ ከዚህ ይሻላል፤ ያም ሆኖ ማስክ (ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95) እና መነጽር የግድ ነው። የጨርቅ ማስክ ይህን ዱቄት አይዝም። ወለሉም በመጥረጊያ አይጠረግ፤ ረጥቦ በጨርቅ ይወልወል። ማታ ደረቅ መጥረጊያ ያነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ያጠራቀማችሁትን ጥንቃቄ በአምስት ደቂቃ ያጠፋዋል።

የታጠበበት ውኃ በቀጥታ ወደ ቱቦ አይሂድ። ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ደርድሩ፤ ውኃው ከአንደኛው አናት ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው አናት ወደ ሦስተኛው ይፍሰስ። ጭቃው ከታች ይቀራል። በሳምንት አንዴ በአካፋ አውጥታችሁ ጆንያ ላይ አድርቁት። ሲሚንቶ ያለበት ዝቃጭ ሽንት ቤት ከተደፋ ቱቦው ውስጥ ሆኖ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔው ወለሉን መስበር ብቻ ነው።

የመስታወት ማቅለጫ ምድጃ ለጊዜው አትግዙ። የሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል፣ መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ደግሞ ያልበረደው መስታወት ይሰነጠቃል። ሞዛይክ በመዶሻና በመሮ የተወለደ ሥራ ነው፤ አንድ አነስተኛ፣ በውኃ የሚቆርጥ የድንጋይ ማሽንና ግንድ ላይ የተተከሉ አራት መሮዎች ለሁለት ዓመት ያሠሯችኋል።

ድንጋዩ

ከእብነ በረድ ማምረቻዎች ቁርጥራጭ በርካሽ ይገኛል፤ ከቤኒሻንጉል የዳለቲ እብነ በረድ፣ ከሌላም አካባቢ ግራጫና ሮዝ። ጥቁር ከባዛልት፣ ሞቅ ያለ ቀለም ከአምቦ ድንጋይ። የአምቦው ለስላሳና አሸዋማ ስለሆነ ለግድግዳ እንጂ ለወለል አይመረጥም። ሰማያዊ ግን ከድንጋይ አትጠብቁ። ሰማያዊና አረንጓዴ ከጠርሙስ፣ ከተሰበረ ሴራሚክና ከሲኒ ስባሪ ይመጣል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን ስትዞሩ የወር ቀለም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። የሲኒ ጠርዝ ወርቅ ግን አያታልላችሁ፤ ከላይ የተቀባ ስለሆነ በጥቂት ጽዳት ይለቃል። የእውነተኛ ሞዛይክ ወርቅ ቅጠሉ በሁለት መስታወት መካከል ታሽጎ የሚቀመጥ ነው።

ጥቁር የሚያብረቀርቅ ባልጩት ሁሉም ይወደዋል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናለን፤ ከመልካ ቁንጥሬ አጠገብ ካለችው ባልጩት ከምትባለው ቦታ አንዲት ፍላጭ እንዳታነሱ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 ከመልካ ቁንጥሬ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መሬት ላይ የወደቀው ጥቁር ፍላጭ የጥንት ሰው የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ጥቁር መስታወት ከጠርሙስም ይወጣል።

ድንጋዩ ሲገባ በእያንዳንዱ ዓይነት ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ካልሲየም አለው ማለት ነው፤ ሳጥኑ ላይ «አሲድ እንዳይነካው» ብላችሁ ጻፉ። ሥራ ካለቀ በኋላ የሲሚንቶ ጭጋግ (ጠጠሩ ላይ የሚቀረውን ስስ የሲሚንቶ ሽፋን) ለማጽዳት አሲድ የማፍሰስ ልማድ አለ፤ የወር ልፋት ያለበትን ነጭ እብነ በረድ በደቂቃ ያደበዝዘዋል። ጭጋጉ ሳይጠነክር በእርጥብ ስፖንጅ የተጠረገ እንደሆነ አሲድ አያስፈልግም።

የመጠን ስሌቱ ይህን ይመስላል። 1 ሴንቲ ሜትር ጠጠር በ1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲደረደር በካሬ ሜትር 7,500 ገደማ ይገባል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ጠጠር በ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሆነ 2,000 ገደማ። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ በካሬ ሜትር 17 ኪሎ ያህል ይደረደራል፤ በቆረጣ የሚባክነው ብዙ ስለሆነ 30 ኪሎ አዘጋጁ። እጁ የገባ ሠራተኛ እየቆረጠ እየደረደረ በሰዓት መቶ ጠጠር ቢያስቀምጥ ካሬው 75 ሰዓት ይወስዳል፤ ይህ አሥር የሥራ ቀን ያህል ነው። ለደንበኛ ዋጋ ስትነግሩ ከዚህ ሰዓት ተነሱ። በድንጋዩ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሮ የሚሸጥ ማዕከል ጥሩ ሠራተኞቹን በዓመቱ ያጣል።

መደርደር

ሁለት መንገድ አለ። በቀጥታ መደርደር ማለት ጠጠሩን እርጥብ ኖራ ወይም ማጣበቂያ ላይ አንድ በአንድ መትከል ነው፤ እያንዳንዱን ትንሽ አዘንብሎ ብርሃን እንዲጫወትበት ማድረግ የሚቻለው በዚህ ነው። ለወለልና ለሰፊ ግድግዳ ግን የተገላቢጦሹ ይሻላል። ንድፉ በካኪ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይሣላል፤ ጠጠሩ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በውኃ በሚለቅ ሙጫ ይለጠፋል፤ ከዚያ ሙሉው ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ወረቀቱ ረጥቦ ይላጣል።

ሙጫው አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ኩባያ ውኃ ተበጥብጦ የተቀቀለ ይሁን፤ የግራር ሙጫ ከተገኘ ይበልጣል። የዱቄቱ በክረምት በሁለት ቀን ይሻግታልና በትንሹ አዘጋጁ። የእንጨት ሙጫ አትጠቀሙ፤ አይለቅም፣ ወረቀቱን ስትስቡ ጠጠሩ ይከተለዋል።

ፊደል ሲኖር መገልበጡን መርሳት የተለመደ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ስሕተቱን ይደብቃል። «ሀ» እና «መ» ቢገለበጡም ያን ያህል አያስታውቁም። «ሉ» ስትመጣ ግን ቅጥያዋ በቀኝ መሆኗ ቀርቶ በግራ ትወጣለች፤ ያኔ ጠጠሩ ግድግዳ ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፉን በቀጥታ ጻፉ፣ ወረቀቱን መስኮት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ከጀርባ በኩል ቅዱት፣ ከመለጠፍ በፊት በመስታወት (በመልክ ማያው) አንብቡት። በ1 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ፊደል አትሞክሩ፤ ቅጥያዎቹ ይጠፋሉ፣ «ሊ» እና «ላ» አንድ ይሆናሉ።

ለኖራ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የከረጢት ኖራ በበርሜል ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ላዩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ተኝቶበት፣ ቢያንስ ሦስት ወር ይቀመጥ። አንድ እጅ የኖራ ሊጥ፣ አንድ ተኩል እጅ የታጠበ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተፈጨ የሸክላ ጡብ አብኩ፤ የጡቡ ዱቄት ኖራው እርጥበት ባለበትም እንዲጠነክር ያግዘዋል። አሸዋውን በጠርሙስ ፈትኑ፤ ከውኃ ጋር ተንጦ ሲያድር ከ10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ በላይ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ ጭቃ ከተኛ ይታጠብ ወይም ይመለስ። በኖራ ስትሠሩ ጓንትና መነጽር አይለይ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ለሃያ ደቂቃ በሚወርድ ንጹህ ውኃ አጥቦ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ነፋስ ልስኑ ከላይ ይደርቅና ከውስጥ ሳይጠነክር ይቀራል፤ በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይረግፋል። በእርጥብ ጆንያና በላስቲክ ሸፍናችሁ ሲሚንቶውን ሰባት ቀን፣ ኖራውን ከዚያ በላይ አቆዩት። ክረምት ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ከአራት ሳምንት በፊት የኖራ ሥራ ከጠረጴዛ አይነሳ። ቦያካ (በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላውን ቅልቅል) ስትሞሉ ነጭ አትምረጡ፤ ነጭ ቦያካ ቀለሙን ሁሉ ያፈዝዘዋል፣ ግራጫ ያጎላዋል።

መስቀል

60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 3 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ጀርባ ያለው ሥራ 35 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሁለት ሰው የሚያነሳው ልክ ይህ ነው፤ ትልቅ ሥዕል ከሆነ በዚህ መጠን ከፋፍሉት። ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ፊሸር አይዝም፤ ወለል ላይ ቆሞ ከላይ ከወራጅ ጋር የታሰረ የአንጎላሬ ብረት ፍሬም ሥሩ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በሙጫ ብቻ የተያዘ ከባድ ሥራ ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ መኖር የለበትም፤ እያንዳንዱ ፓኔል አራት ቡሎን ይኑረው።

የማዕከሉ ቋሚ ሥራ

ኤግዚቢሽን በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው። ቤቱን ዓመቱን ሙሉ የሚያቆየው ትዕዛዝና ጥገና ነው። በጣሊያን ስፒሊምቤርጎ ያለው የሞዛይክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1922 ተከፍቶ እስከ ዛሬ የሦስት ዓመት ትምህርት የሚሰጠው ተማሪዎቹ ለእውነተኛ ግድግዳ ስለሚሠሩ ጭምር ነው። እዚህም ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትና ልደታ ካለው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ጋር የመሃል ከተማውን ሞዛይክ መመዝገብ ይቻላል። ደረጃ ላይ፣ መግቢያ ላይ፣ ዓምድ ላይ ያለውን ከሜትር ጋር ፎቶ አንሡ፤ ግልጽ ላስቲክ ጥላችሁ በማርከር ቅዱ፤ በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ ባዶ ድምፅ የሰጠውን ቦታ ፎቶው ላይ አክብቡ። ባዶ የሆነውን በሲሚንቶ አትሙሉት፤ ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ በላይ ግትር ነው፣ ጨውም ያመጣል፣ የተረፈውን ገፍቶ ይጥለዋል። በቀጭን የኖራ ቅልቅል ይሞላል።

ቤት ሊፈርስ መሆኑ ሲሰማ ቀድማችሁ ድረሱ። ኤክስካቫተር ከገባ በኋላ የሚገኘው አቧራ ነው። ባለንብረቱንና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት አስፈቅዳችሁ፣ ከመፍረሱ በፊት አንድ ካሬ ሜትሩን ስስ ጨርቅ (የቁስል ጋዝ ዓይነት) በግራር ሙጫ ፊቱ ላይ ለጥፋችሁ ከነጀርባው በመሮ አንሡ፤ የተቀረውን በጆንያ ሰብስባችሁ በቀለም ለዩ። በ1950ዎቹ የተሠራ ጠጠር ከተሰበረ የሚተካው የዚያው ዘመን ጠጠር ብቻ ነው።

ከማዕከሉ የሚወጣ እያንዳንዱ ሥራ ጀርባው ላይ በዘይት ቀለም ቀኑ፣ የድንጋዮቹ ምንጭና የቅልቅሉ መጠን ይጻፍበት። ከያንዳንዱ ቀለም ሁለት እፍኝ ጠጠር በከረጢት ታስሮ፣ የሥራው ቁጥር ተለጥፎበት፣ መጋዘኑ ውስጥ ከታች ባለው መደርደሪያ ይቀመጥ። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ጥግ ሲረግፍ ጠጋኙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ከረጢት ነው።